ጋሽ ደረቁ

አሮጊቷ አቅፈው ሲስሟት የክሎሪን ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። መነጽር ሠሪዋ ደነገጠች። በአንድ እጇ የያዘችው የሻይ ትሪ ዘመም ብሎ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ያን ሽታ አትስተውም። ልጅነቷን ሙሉ ከአባቷ ልብስ፣ ከገዛ ፀጉሯ፣ ከትራሷ ሳይቀር አልለቅ ብሏት የኖረ ሽታ ነው። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ግን ቤቱ ሻይና የረጠበ ካፖርት ብቻ ነበር የሚሸተው።

«እግዜር ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ አሮጊቷ። አጭር፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ናቸው። ሽበታቸው ከሻሻቸው ሥር ገና አልደረቀም። ከኋላቸው ተከታትለው የገቡት አዛውንቶችም፣ ወንዱም ሴቱም፣ ፀጉራቸው እንደረጠበ ነው። ተራ በተራ እናቷን ጨበጡና ግድግዳ ይዘው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ ገና ከመቀመጣቸው መሐረባቸውን አውጥተው፣ «አይ ደረቁ! አይ ወንድሜ ደረቁ!» እያሉ ያለቅሱ ጀመር።

የቤቱ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ጥግ ላይ ሆና ከጎረቤት ጋር ስታንሾካሹክ የነበረችው አክስቷ፣ የሟች እህት፣ ወሬዋን አቋረጠች።

«ምን አሉት ወንድሜን? ደረቁ?»

«ገንዳው ጋ የሚጠራበት ስም ነው» አለች እናቷ በቀስታ።

ስሙን ያወጡለት ገንዳው ዳር የሚንጫጩ ልጆች ናቸው። አባቷ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ጠባቂ ነበር። ወለሉን ይፈትጋል፣ ክሎሪኑን ይመጥናል፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሕፃናቱን ከጥልቁ ዳር ያባርራል። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ዳር ውሎ አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። መዋኘት አይችልም ነበር። ልጆቹ ይህን ሲደርሱበት ጋሽ ደረቁ አሉት፤ እሱም አልተቀየማቸውም። ስሙ በሌላ ትርጉሙም ልክክ ያለለት ነበር። አንዴ የያዘውን የማይለቅ፣ ቢመክሩት የማይሰማ፣ ደረቅ ሰው ነበር።

መነጽር ሠሪዋ ለእንግዶቹ ሻይ አድርሳ ባዶ ብርጭቆ ለቀመችና ወደ ኩሽና አመራች። በሩን ከማለፏ የአክስቷ ሹክሹክታ ተከተላት። አክስቷ ስታንሾካሹክ ከሌላው ሰው ጩኸት ይልቅ ይሰማል።

«አያችኋት? ዐይኗ እንኳ አልረጠበም። አባቷን አፈር አልብሳ መጥታ ብርጭቆ ትቆጥራለች። ከዚያ ሩቅ አገር የመጣችው ለማስተናገድ ነው እንዴ?»

እውነቷን ነው። አላለቀሰችም። ስልኩ ሲደወልላት አላለቀሰችም፣ አውቶቡስ ውስጥ አላለቀሰችም፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ እናቷን ደግፋ ስትቆምም አላለቀሰችም። ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ውስጧ ሲፈለግ የታጣ ይመስል ነበር። ቧንቧውን ከፍታ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመረች።

ነገሩን ሁሉ የጀመረው ፊልም ነው።

የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና ሳይበቅሉ፣ አባቷ እጇን ይዞ ሲኒማ ቤት ወሰዳት። ፊልሙ ስለ አንዲት የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበር። ልጅቷ በመንደሯና በማዶው ደሴት መካከል የተዘረጋውን ባሕር በዋና አቋርጣለሁ ብላ ትነሣለች። አንድ አንካሳ አሠልጣኝ ከጀልባ ላይ ሆኖ ይከተላታል። መጀመሪያ ስትሞክር ማዕበል ይጥላትና ራሷን ስታ በመረብ ትወጣለች። መንደሩ ይስቅባታል። በሁለተኛው ግን አሠልጣኙ «አንድ ክንድ! አንድ ክንድ ብቻ ጨምሪ!» እያለ ሲጮህ፣ አንድ ክንድ አንድ ክንድ እየጨመረች በስተመጨረሻ በደረቷ አሸዋው ላይ ትወድቃለች። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። እሷ ግን ያየችው አባቷን ነው። እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር።

 ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ቁጢጥ ብሎ ፊቷን ተመለከታት።

«አየሻት አይደል? ሕልም ያለውን ሰው ውሃ አያቆመውም። ከነገ ጀምሮ አንቺም ትዋኛለሽ።»

እሺ አለች። ለአባቷ ምን እሺ የማትለው ነገር ነበር? እንዲያ በዐይኗ ትክክል ሆኖ አናግሯት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋቶች ሁሉ አንድ ናቸው። ገንዳው ለሕዝብ ሳይከፈት አባቷ መብራቱን ያበራል፤ እሷ ብርዱ እያንዘረዘራት ትገባለች። እሱ የጎማ ቦቲውን አጥልቆ ዳር ዳሩን አብሯት ይሄዳል። እሷ ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትዞር ይዞራል፣ አንዳንዴም አንሸራትቶት በቂጡ ይቀመጥና ሳይነሣ መጮሁን ይቀጥላል። «አንድ ክንድ! አንድ ክንድ!» ዋናተኞች ሲዋኙ እያየ የለቀመውን ሁሉ አስተማራት። ጎበዝም ሆነች። ሜዳሊያዎቹ ቡፌው መስታወት ውስጥ ተሰቀሉ፤ እናቷ አቧራቸውን ስታራግፍ ከንፈሯን ትመጥ ነበር። «ልጄን ዓሣ አደረጋት» ትል ነበር። ልጅቷ የአባቷን ጩኸት መቼ መጥላት እንደ ጀመረች አታውቅም። ውሃው ጆሮዋን ሲሞላው እንኳ ከታች ድረስ ይከተላት ነበር።

ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ የተደረገበት ዕለት፣ መዝለያው ላይ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተደርድራ ቆመች። ፊሽካው ተነፋ። ሌሎቹ ዘለሉ። እሷ ቆማ ቀረች። እግሯ አልታዘዝም አላት ቢባል ውሸት ነው፤ ራሷ ናት እግሯን ያላዘዘችው። አባቷ እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆንሽ? ዝለዪ እንጂ! ገና ነው፣ ትደርሺባቸዋለሽ! አንድ ክንድ...»

ከመዝለያው ወረደች። የዋና መነጽሯን አወለቀችና፣ ወላጆችና አሠልጣኞች በተቀመጡበት ፊት፣ ድምፅ በሚያስተጋባው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጮኸችበት።

«ውሃው ይህን ያህል ካማረህ ራስህ ግባበት!»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ጋሽ ደረቁ መሆኑን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። አባቷ ፎጣዋን ዘርግቶ እንደያዘ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ስለ ዋና ያነሣ ሰው አልነበረም። እሷ ሌላ ከተማ ሄዳ መነጽር መሥራት ተማረች። ጸጥ ያለ ሥራ ነው፤ ማንም አይጮህብሽም። አባቷ በዕረፍት ቀኗ እየደወለ «በላሽ? ብርድ አለ?» ይላት ነበር። «በላሁ። የለም» ትለዋለች። እንዲህ ሆነው ኖሩ። አልተጣሉም፤ አልታረቁምም።

«ወዲያ በይ፣ እኔ ላለቅልቀው።»

አሮጊቷ ኩሽና ገብተው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነበር። «ተዪኝ፣ እጄ ውሃ የለመደ ነው። ጡረታ እስክወጣ አዋላጅ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ከእነዚያ ሽማግሌዎች ጋር ጠዋት ጠዋት እንቦጫረቃለሁ።» አንድ ብርጭቆ ወደ መብራቱ አንሥተው አዩና አስቀመጡት። «ራስህ ግባበት ያልሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

የመነጽር ሠሪዋ እጅ ቧንቧው ሥር ደርቆ ቀረ።

«እሱን ለሰው ይናገር ነበር?»

«ለኛ ነግሮናል። በወቀሳ እንዳይመስልሽ። ምን አስገባህ ስንለው፣ ‘ልጄ አዝዛኝ’ ነበር መልሱ።»

«የት ነው የገባው?»

«ውሃ ውስጥ ነዋ።»

አዋላጇ የልጅቷ ፊት ሲለዋወጥ አዩና ነገሩን እንደማታውቅ ገባቸው። የኩሽናውን በር ገፋ አድርገው ዘጉት።

«ጡረታ በወጣ በዓመቱ ነው» አሉ። «አንድ ጠዋት ጉልበቱን አልፎ የሚንዘላዘል ቁምጣ ለብሶ ደረጃው ላይ ቆሟል። ሊያጸዳ የመጣ መስሎን ነበር። ኋላ ጠጋ ብዬ ሳየው ይንቀጠቀጣል። እጄን ዘረጋሁለት። ሕፃናት በሚንቦጫረቁበት ቦታ፣ ውሃው ጉልበቱ ሳይደርስ፣ ምጥ እንደ ያዛት ሴት ጨመቀኝ። እኔ ለስንቷ እጄን ሰጥቻለሁ፤ እንደ አባትሽ ያደቀቀኝ የለም።»

መነጽር ሠሪዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ወዲያው ጠፋ።

«ለምንድነው በዚያ ዕድሜው?»

«እኛም ጠይቀነዋል። አንድ ፊልም አለ አሉ፤ የዓሣ አጥማጁ ልጅ...»

«አውቀዋለሁ።»

«ከሥራ ሲሰናበት ጓደኞቹ ፈልገው አምጥተው ሰጡት። ዓመት ካስቀመጠው በኋላ ብቻውን ቁጭ ብሎ አየው። ከዚያ ማግስት ሲመጣ ሌላ ሰው ሆኗል። ‘አንድ ነገር ሳላይ ቀርቼ ነበር’ አለን። ለካ ልጅቷ ሁለተኛ ከመሞከሯ በፊት አሠልጣኙ አጠገቧ ተቀምጦ ‘ትፈልጊያለሽ?’ ብሎ ይጠይቃታል። ልጅቷ ዝም ትላለች። ብዙ ዝም ትላለች። ከዚያ ነው አዎ የምትለው። አባትሽ ይቺን ሲነግረን ምን አለ መሰለሽ? ‘እኔ ጩኸቱን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ልጄን አንድም ቀን ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። የራሴን ሕልም እሷ ላይ ጭኜ ዳር ዳሩን ስሮጥ ኖርኩ።’»

ከሳሎን የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ወንበር ይጎተታል።

«ታዲያ ለምን ለኔ አልነገረኝም?»

«መዋኘት ሲችል ሊነግርሽ ነበር። የገንዳውን ማዶ ግድግዳ በእጁ ሲነካ።»

«ነካ?»

አዋላጇ ቧንቧውን ዘጉ።

«አልነካም፣ የኔ ልጅ። ወለሉ ወደ ጥልቁ የሚያዘቀዝቅበት ቦታ ላይ ልቡ ይከዳዋል። ጥልቁን የሚለየውን ገመድ አንቆ ይይዛል። ይመለሳል። በማግስቱም ያው። ዓመታት እንዲያ ሆነ። ፊልም ቢሆን ይነካ ነበር።» እጃቸውን በቀሚሳቸው አበሱ። «በመጨረሻ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። ‘ስጨርስ ብዬማ ልጄን ሳላያት ላረጅ ነው። ሳልጨርስ እጠራታለሁ። መጥታ ዳር ትቁምና ትጩህብኝ፤ ተራዋ ነው’ አለ። ያን ቀን ስንት ሳቅን! ለመሆኑ አልጠራሽም?»

ጠርቷታል። አሁን ነው የገባት። በመጨረሻው ስልክ፣ ከ«በላሽ?» በኋላ፣ እንደ ወትሮው አልዘጋም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በሚመጣው ወር ብቅ ብትዪ ጥሩ ነበር። የማሳይሽ ነገር አለኝ» አላት። ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ነበር። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ የመነጽር ፍሬም በእሳት እያለዘበች፣ «ሥራ በዝቶብኛል አባዬ፣ እናያለን» አለችው። «እሺ፣ እናያለን እንግዲህ» አለ። ቅር ያለውም አይመስልም ነበር።

ትሪውን ይዛ ወደ ሳሎን ልትመለስ ስትል መልሳ አስቀመጠችውና የኩሽናው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አዋላጇ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አድርቀው ደረደሩላትና እጃቸውን ራሷ ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ጋብ ሲል እናቷን መኝታ ቤት አገኘቻት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሟችን ሸሚዞች ታጣጥፋለች።

«እማዬ፣ ዋና መጀመሩን ታውቂ ነበር?»

«ቁምጣውን የማጥበው እኔ አይደለሁ?» እናቷ ቀና አላለችም። «አትንገሪያት ብሎ አስምሎኛል። ባያስምለኝም አልነግርሽም ነበር። መጀመሪያ አንቺን ወሰደብኝ ያ ውሃ፤ አንቺ ስትሄጂ ደግሞ እሱን። በስተርጅና ጠዋት ጠዋት እየተነሣ... እኔ ያን ቤት አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም። ዐይኑን ላየው አልፈልግም ነበር።»

አንድ ሸሚዝ አጣጥፋ ስትጨርስ መልሳ ዘረጋችው።

«ወደዚያው ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ነው እኮ ያረፈው። ከኩሽና ስጠራው ዝም አለኝ። መጣሁ። ግድግዳውን እንደ ተደገፈ... አንደኛውን ጫማ አስሯል። ሌላውን እኔ አጎንብሼ አሰርኩለት። ጎረቤት ከመጥራቴ በፊት። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ። እንዲሄድ ይሁን...»

መነጽር ሠሪዋ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። 

በሩ ተከፈተና አክስቷ ብቅ አለች። ሁለቱን አየች፤ እናትየዋ ታለቅሳለች፣ ልጅቷ ደርቃ ተቀምጣለች። የቆየ ቁጣዋ ገነፈለ።

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ ምን ዓይነት ልብ ነው እግዜር የሰጠሽ? ለወንድሜ አንዲት ዘለላ እንባ ታጣለት? ዓለም ሁሉ ያልቅስ፣ አንቺ ብቻ...»

«ተያት!» አለች እናቷ። ድምፅዋ እንዲያ ሲከር ልጅቷ ሰምታው አታውቅም። «ተያት አልኩሽ። የማን ልጅ ሆና ነው? አባቷም ደረቅ ነበር።»

 ከዚያ ሦስቱም በአንድ ጊዜ የተባለውን ሰሙት። አክስቷ ሳቋ አመለጣት፤ በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ እያለቀሰችና እየሳቀች፣ ከአልጋው ማዶ ተቀመጠች። ሸሚዞቹን አብራቸው ማጣጠፍ ጀመረች።

ቀኖቹ እንዲህ እንዲህ እያሉ አለፉ። የመጪው ሰው ቁጥር ሳሳ። ከጎረቤት የመጡት ወንበሮች ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ሳሎኑ ሲሰፋ ባዶነቱም አብሮ ሰፋ። መነጽር ሠሪዋ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ባሰበችበት ጠዋት፣ እናቷ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግባ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ነይ፣ ውሰጂኝ።»

«የት?»

«እዚያ ውሃ ጋ።»

በአውቶቡስ ሄዱ። አዲሱ ጠባቂ ማንነታቸውን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ አስገባቸው። አዳራሹ ያው ነው፤ ገንዳው የተለበጠበት አረንጓዴ ሸክላ፣ ከጣሪያው መስታወት የሚወርደው ብርሃን፣ እያንዳንዱን ድምፅ ሁለት የሚያደርገው ማስተጋባት። አዛውንቶቹ ሲንቦጫረቁ ነበር። ጥቁር የለበሰችውን ሴት ሲያዩ ጸጥ አሉ፤ እርስ በርስ እየተነካኩ የዋና ኮፍያቸውን አወለቁ።

እናቷ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ዳር ቆመች። ገንዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጠላቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል እንዳየ ሰው፣ ያን ያህልም እንዳልሆነ የገረማት ትመስላለች።

«የት ድረስ ነበር የሚደርሰው?» አለች።

ውሃው ውስጥ የነበሩት አዋላጅ ዘወር ብለው መዋኘት ጀመሩ። ሸክላው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚለወጥበት ቦታ ሲደርሱ ገመዱን ያዙ።

«እዚህች ጋ!» ድምፃቸው አዳራሹን ዞሮ ተመለሰ።

እናቷ ቦታውን አየች። ከዚያ የቀረውን እስከ ማዶው ግድግዳ ለካች፣ በዐይኗ።

«ይቺን ታህል ቀርታው?» አለች። «ይቺን?» እጇ ወደ አፏ ሄደ። «አይ የኔ ሞኝ! ምናለ አንዴ ጨክነህ...»

አዋላጇ ተመልሰው ወደ ልጅቷ ቀረቡ። «ሻንጣዬ ውስጥ ትርፍ ልብስ አለ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደስ ካላለሽ ደግሞ ግድ የለም።»

መነጽር ሠሪዋ ጥቂት ቆመች። ማንም አላጣደፋትም። ከዚያ ልብሱን ይዛ ወደ መልበሻ ክፍሉ ሄደች።

ስትገባ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ክንዷ ከሷ ቀድሞ ሁሉን ነገር አስታወሰ። የሚጮህ የለም። ጆሮዋን የሞላው የራሷ ትንፋሽ ብቻ ነው። በዚህ ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ መኖሩን በልጅነቷ አታውቅም ነበር። ወለሉ ከሥሯ ሸሽቶ መጥቆር ሲጀምር ቆመች። እግሯ ባዶ ላይ ተንጠለጠለ። ፈርታው የማታውቀውን ጥልቀት፣ ያን ቀን ጠዋት፣ ፈራችውና ገመዱን ያዘች። አንድ ሰው እዚህ ድረስ፣ ይህን እያየ፣ በየማለዳው መጥቷል።

ግድግዳው ቅርብ ነው። ከዳር ያሉት አዛውንቶች ትንፋሻቸውን ይዘዋል፤ አንደኛው ሽማግሌ ሊያጨበጭቡ መዳፋቸውን አቅርበዋል። እናቷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ዳር ዳሩን በባዶ እግሯ መጥታ፣ ልክ በሷ ትይዩ ቆማለች።

ልጅቷ ወደ ግድግዳው አልሄደችም። ከፊቷ ላይ የሚወርደው የገንዳው ውሃ ይሁን ሌላ፣ ከዳር ላለ ሰው አይለይም። ገመዱን ለቀቀች፣ አንድ እጇን አወጣች፤ እንቅልፍ ሊወስደው ያለ ሕፃን ጀርባ ላይ እንደሚደረገው፣ በዘረጋችው መዳፏ አባቷ ይመለስበት የነበረውን ውሃ ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችው።